ግድግዳው የሚመሰክረው፦ ባለሥዕል ስጋጃ በክርስቲያን ቤት

ሰው ቤት ሲሠራ አስቀድሞ የሚያስበው ከፀሐይና ከዝናብ ስለ መጠለል ነው። ማገሩ ከታሰረ፣ ጣራው ከተከደነና ጭቃው ከተመረገ በኋላ ግን ሌላ አሳብ ይመጣበታል፤ ባዶ ግድግዳ እያየ መኖር ደስ አይለውም። ስለዚህ ያለው በገንዘቡ፣ የሌለው በብልሃቱ ግድግዳውን ያለብሰዋል። በማንቡክ ከተማም ሆነ በዳንጉር ወረዳ ቀበሌዎች ወደ ምእመናን ቤት የሚገባ ሁሉ ይህን ይመለከታል። በአንዱ ቤት አሮጌ ጋዜጣ ተለጥፏል፤ በሌላው ዓመቱ ያለፈበት የቀን መቍጠሪያ ስለ ሥዕሉ ብቻ ተሰቅሎ ቀርቷል፤ ጥቂት ገንዘብ ያገኘ ደግሞ ከመደቡ ወይም ከአልጋው በላይ በፋብሪካ የተሸመነ ባለሥዕል ስጋጃ ዘርግቷል።

የእነዚህ ስጋጃዎች ሥዕል ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መንፈሳዊ ሲሆን፣ ጌታችን ከሐዋርያት ጋር በማዕድ የተቀመጠበት የመጨረሻው እራት፣ ልጇን የታቀፈች እመቤታችን፣ የኢየሱስ ቅዱስ ልብ ወይም ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ ሆኖ ይታይበታል። ሁለተኛው ዓለማዊ ነው፤ በወንዝ ዳር የቆሙ አጋዘኖች፣ አንበሳ፣ ጣዎስ፣ ባለ ግንብ ቤተ መንግሥት፣ ፈረሰኛ አዳኞች ከነውሾቻቸው ይታዩበታል። ነጋዴው ከአዲስ አበባ መርካቶ አስጭኖ በቻግኒና በግልገል በለስ በኩል ያመጣቸዋል፤ ገዢውም ለራሱ ቤት ወይም ለሙሽሮች ስጦታ ብሎ ይገዛቸዋል።

ነገሩ ተራ የቤት ዕቃ ጉዳይ ይመስላል። ይሁን እንጂ በጥሞና ለሚያስበው ሰው ሦስት ጥያቄዎች ከዚሁ ይነሣሉ። ፋብሪካ አብዝቶ ያወጣው ቅጂ ክብር ይገባዋልን? ቅዱሱን ሥዕል የቤት ጌጥ ማድረግስ ተገቢ ነውን? ጎረቤት ግድግዳው ራሱ ተቃጥሎበት ሳለ ለግድግዳ ልብስ ገንዘብ ማውጣትስ ከሕሊና ጋር ይስማማልን? ሦስቱም የግብረ ገብ ጥያቄዎች በመሆናቸው በየተራ እንመለከታቸዋለን።

የስጋጃው ትውልድ

በገበያ የምናየው ስጋጃ የትናንት ሥራ ቢመስልም አያት ቅድመ አያት አለው። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ የነገሥታትና የመኳንንት መኖሪያ የነበረው የድንጋይ ግንብ በብርድ ወራት እጅግ ይቀዘቅዝ ነበር። ስለሆነም ግድግዳውን ከሱፍና ከሐር በተሸመነ ሰፊ ባለሥዕል መጋረጃ ይሸፍኑት ነበር። መጋረጃው ብርዱን ይቀንሳል፤ ድንጋዩን ያስጌጣል፤ ባለቤቱ ከአንድ ግንብ ወደ ሌላው ሲጓዝም ተጠቅልሎ ይጫናል። አንዳንዱ የመኳንንትን አደንና ጨዋታ ያሳያል፤ በፓሪስ በክሉኒ ሙዚየም የሚገኙት፣ እ.ኤ.አ. በ1500 ዓ.ም. ገደማ የተሸመኑትና አንዲት እመቤት ባለ አንድ ቀንድ ከሆነ የተረት እንስሳ ጋር የምትታይባቸው 6 መጋረጃዎች ከዚህ ወገን ናቸው። ሌላው መንፈሳዊ ነው፤ በፈረንሳይ በአንዤ ከተማ የሚገኘውና የዮሐንስን ራእይ የሚያሳየው መጋረጃ ከሁሉ ይልቅ የታወቀ ነው። ይህን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1370ዎቹ ያሠሩት የአንዡ መስፍን ሉዊ ቀዳማዊ ሲሆኑ፣ እስከ ዛሬ የተረፈው ክፍል ብቻ 100 ሜትር ያህል ይረዝማል።

እንዲህ ያለ መጋረጃ ሲሠራ ሠዓሊው አስቀድሞ ሙሉ መጠን ያለው ንድፍ ያዘጋጃል፤ ሸማኔዎቹም ንድፉን እየተከተሉ ባለ ቀለሙን ማግ በድሩ መካከል ያስገባሉ። ንድፉ ከተጠበቀ ከአንዱ ንድፍ ሁለተኛና ሦስተኛ መጋረጃ ይሸመናል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 10ኛ በቫቲካን ለሚገኘው ለሲስቲና ጸሎት ቤት የሐዋርያትን ታሪክ የሚያሳዩ መጋረጃዎች እንዲሠሩ ባዘዙ ጊዜ ንድፉን የሠራው ራፋኤል ነበር። ሽመናው በብራስልስ ከተማ ተከናውኖ የመጀመሪያዎቹ መጋረጃዎች እ.ኤ.አ. በ1519 ዓ.ም. መጨረሻ በጸሎት ቤቱ ተሰቀሉ። በዚያው ንድፍ በኋላ ለእንግሊዝ ንጉሥ ለሄንሪ 8ኛ ሌሎች ተሸምነዋል። እንግዲህ ከአንዱ ንድፍ ብዙ ማውጣት ፋብሪካ ያመጣው ልማድ ሳይሆን ከጥንቱም ከሙያው ጋር የነበረ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1804 ዓ.ም. ጆሴፍ ማሪ ዣካር የተባለ የሊዮን ከተማ ሰው ቀዳዳ ባላቸው ካርዶች እየተመራ ሥዕል የሚሸምን መሣሪያ ሠራ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሸማኔዎች በብዙ ወራት ይጨርሱት የነበረውን ሥራ መኪና በአጭር ጊዜ ማውጣት ጀመረ። በመሆኑም ቀድሞ ንጉሥ ብቻ ይሰቅለው የነበረውን ዛሬ ሰሊጡን ሸጦ የተመለሰ የማንቡክ ገበሬ ሊሰቅለው ይችላል። ይህ በራሱ የሚነቀፍ ነገር አይደለም፤ ድኻም ውበትን ለማየት የተፈጠረ ዓይን አለውና።

ቅጂ ሐሰት ነውን?

አንዳንድ ሰው «ፋብሪካ ያወጣው ጨርቅ ምን ክብር አለው? እጅ ያልደከመበት፣ ጸሎት ያልተጸለየበት ነው» ይላል። አነጋገሩ እውነት ያለበት ይመስላል፤ ቅዱስ ሥዕልን የሚሥል ሰው በጾምና በጸሎት ሆኖ እንዲሠራ አባቶች ይመክራሉና። ነገር ግን ቅዱስ መጽሐፍን ስንመለከት አምሳልን ተከትሎ የተሠራ ነገር ከመጀመሪያው የተናቀ እንዳልሆነ እንረዳለን። ሙሴ የመገናኛውን ድንኳን የሠራው ከራሱ አሳብ አፍልቆ አይደለም፤ በተራራው ላይ ያየውን ምሳሌ ተከትሎ እንዲሠራ ታዘዘ (ዘፀ. 25፥40)። የድንኳኑ መጋረጃዎችም ባለ ብዙ ቀለም ክር የገባባቸውና የኪሩቤል ሥዕል የተሠራባቸው ነበሩ (ዘፀ. 26፥1)። ወደ ዕብራውያን የተላከው መልእክት ደግሞ ያ ድንኳን የሰማያዊው ነገር ጥላ እንደ ነበረ ያስተምረናል (ዕብ. 8፥5)። ስለዚህ እግዚአብሔር በሕዝቡ መካከል ያደረበት ባለሥዕል ድንኳን ራሱ የሌላ አምሳል ነበረ።

የቤተ ክርስቲያንም ትምህርት ከዚህ ጋር ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ787 ዓ.ም. በኒቅያ የተደረገው ሁለተኛው ጉባኤ ለሥዕል የሚሰጠው ክብር ሥዕሉ ወደሚያሳየው አካል እንደሚያልፍ አጽንቷል። ክብሩ በእንጨቱ፣ በቀለሙ ወይም በክሩ ላይ የማይቀር ከሆነ ሥዕሉ በእጅ መሠራቱ ወይም በመኪና መውጣቱ፣ የመጀመሪያው ወይም ሺህኛው መሆኑ ክብሩን አያጎድለውም። ጌታችንን የሚያሳይ አንድ ስጋጃ በመርካቶ መደብር ውስጥ መቶ ወንድሞች ቢኖሩትም የሚያሳየው ያንኑ አንድ ጌታ ነው።

ቅጂ ሐሰት የሚሆነው ያልሆነውን ነኝ ሲል ነው። አዲሱን ሥዕል በጢስ አጥቍሮ የጥንት የገዳም ቅርስ ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው ይዋሻል። በግልጽ ቅጂ ሆኖ የሚሸጥና የሚገዛ ስጋጃ ግን ማንንም አያታልልም።

በዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። በሀገራችን አብያተ ክርስቲያናት መቅደሱን የሚጋርደው መጋረጃ የቆየ ክብር አለው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በጎንደር የተሸመኑት የሐር መጋረጃዎች ከዚህ ዓይነት ሲሆኑ በዓለም የታወቁ ናቸው። ሸማኔዎቹ ቀዳዳ ባላቸው ትናንሽ ሰሌዳዎች ክሩን እያዞሩ ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝም ባለሥዕል ጨርቅ አወጡ፤ በላዩ ከሚታዩት መካከል ያሉት ንጉሥና ንግሥት አፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ሊቃውንት ይናገራሉ። ከእነዚህ አንዱ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተወስዶ በለንደን የብሪቲሽ ሙዚየም ንብረት ሆኗል፤ ሌላው በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛል። ለመቅደስ የተሸመነው ሐር ዛሬ የሚደነቅ ዕቃ ነው፤ ካህን አይከፍተውም፣ ምእመንም በፊቱ አይሰግድም። የአንዤውም መጋረጃ ዕጣ ከዚህ የከፋ ነበር። በኋላ ዘመን ለከተማው ካቴድራል ተሰጥቶ ሳለ በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ተቈራርጦ ለፈረስ ጋጣና ለአትክልት መሸፈኛ ዋለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዡቤር የተባለ የካቴድራሉ ካህን ቍርጥራጩን ሰብስቦ እስኪያስጠግነው ድረስ በዚሁ ሁኔታ ቆየ።

በጎንደሩም ሆነ በአንዤው መጋረጃ ክሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አገልግሎቱ ነው። ከዚህ የምንማረው እጅግ የከበረ የእጅ ሥራ እንኳ በፊቱ የሚደረገው ነገር ሲቀየር ከመቅደስ ወደ ጋጣ ሊወርድ እንደሚችል ነው። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ርካሽ የፋብሪካ ጨርቅ በፊቱ በሚደረገው ነገር ከገበያ ወደ ጸሎት ከፍ ሊል ይችላል ማለት ነው።

ጌጥና ጸሎት

ሁለተኛው ጥያቄ ቅዱሱን ሥዕል ጌጥ ስለ ማድረግ ነው። ሥዕል በቤተ ክርስቲያን ብቻ ይሁን፣ ቡና በሚፈላበትና ልጆች በሚንጫጩበት ቤት መስቀል ክብሩን መቀነስ ነው የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ ዳግማዊ የቫቲካን ጉባኤ ቤተሰብን የቤት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ብሎ ጠርቶታል። ልጆች የመጀመሪያውን የመስቀል ምልክት የሚማሩት ከእናታቸው ጕልበት ሥር ነው። እናት ልጇን ስታስተምር የምታሳየው ሥዕል ቢኖራት ትምህርቷ ይጸናል። ስለዚህ ቅዱስ ሥዕል በቤት መኖሩ ራሱ አያጠያይቅም፤ የሚያጠያይቀው አኗኗሩ ነው።

በዚህ ረገድ ሁለት አደጋዎች አሉ። የመጀመሪያው ሥዕሉን እንደ ክታብ መቍጠር ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስን ስጋጃ በር ላይ የሰቀለ ቤት ሌባ አይገባውም፣ በሽታ አይደፍረውም ብሎ የሚያምን ሰው ሥዕሉን ከጸሎት አውጥቶ ወደ አስማት ወስዶታል። ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የሠራው የናስ እባብ እንኳ ሕዝቡ ዕጣን እያጠነ ባመለከው ጊዜ ንጉሥ ሕዝቅያስ ሰባብሮታል (2ነገ. 18፥4)። በእግዚአብሔር ትእዛዝ የተሠራው እንዲህ ከሆነ በገንዘብ የተገዛው እንዴት አብልጦ መጠንቀቅን አይሻም!

ሁለተኛው አደጋ መልመድ ነው፤ ይህም ከመጀመሪያው የሚብስ ይመስላል፤ ምክንያቱም ክታብ የሚያደርገው ሰው ቢያንስ ሥዕሉን ያየዋል። ዓይን ግን የለመደውን አያይም። በተሰቀለ በመጀመሪያው ሳምንት እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል፤ ከዓመት በኋላ አቧራ ለብሶ ከግድግዳው ይቀላቀላል። ከዚያ በኋላ በጌታችን ሥዕል ሥር ሐሜት ይወራል፤ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ባል በሚስቱ ላይ እጁን ያነሣል፤ በቅዱስ ልብ ሥር ቂም ይታሰራል። ቤተሰቡ ሥዕሉን ሲገዛ ሊዋሽ አላሰበም፤ ነገር ግን ግድግዳው አንድ ነገር ይናገራል፣ ቤቱ ሌላ ያደርጋል። እውነተኛው የሐሰት ቅጂ ይህ ነው፤ የክርስቲያን ቤት መልክ ይዞ የክርስቲያን ቤት ሥራ የሌለበት ቤት።

ዓለማዊ ሥዕል ያለበትን ስጋጃ በሚመለከት አላስፈላጊ ጭንቀት አያስፈልግም። አጋዘንም አንበሳም የእግዚአብሔር ፍጥረት ናቸው፤ መዝሙረኛውም ነፍሱ አምላኩን እንዴት እንደ ተጠማች ሲናገር የውኃ ምንጭ የናፈቀ ዋላን ምሳሌ አድርጓል። በድካም ቀን መጨረሻ ላይ ያማረ ነገር ማየት ልብን ያሳርፋል፤ ያረፈ ልብም ለምስጋና ይቀርባል። ሁለቱን ግን በቦታ መለየት መልካም ነው። የጌታችን ሥዕል ከንግድ ማስታወቂያና ከዘፋኝ ፎቶግራፍ ጋር ተጨናንቆ ከሚሰቀል ለብቻው ንጹሕ ስፍራ ቢሰጠው ይሻላል። ዳግማዊ የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ዓ.ም. ባወጣው የሥርዓተ አምልኮ ድንጋጌ ስለ ቅዱስ ሥነ ጥበብ ሲናገር ከብዙ ወጪ ይልቅ ክቡር ውበት እንዲፈለግ አሳስቧል። ይህ ምክር ለቤትም ይሠራል።

ከእራቱ ሥዕል በታች

በቤቶቻችን ከሚሰቀሉት መንፈሳዊ ስጋጃዎች ውስጥ ጎልቶ የሚታየው የመጨረሻው እራት ነው። በስጋጃው ላይ በብዛት የምናየው አሣሣል ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ እ.ኤ.አ. ከ1495 እስከ 1498 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በሚላኖ ከተማ፣ በሳንታ ማሪያ ዴሌ ግራትሲየ የዶሚኒካውያን ገዳም፣ መነኮሳቱ በሚመገቡበት አዳራሽ ግድግዳ ላይ ከሣለው የተቀዳ ነው። ሠዓሊው የመረጠው ሰዓት ጌታችን ከመካከላቸው አንዱ አሳልፎ እንደሚሰጠው የተናገረበትን ነው፤ ሐዋርያቱም ደንግጠው እርስ በርሳቸው ሲተያዩ ይታያሉ።

ይህ የግድግዳ ሥዕል ገና በዚያው ዘመን በስጋጃ ተቀድቷል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለፈረንሳይ ቤተ መንግሥት በሐርና በወርቀ ዘቦ የተሸመነ ትልቅ ቅጂ ነበር፤ ንጉሥ ፍራንሷ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1533 ዓ.ም. ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 7ኛ ሰጡት፤ እስከ ዛሬም በቫቲካን ሙዚየሞች ይገኛል። በቫቲካን ይህ ስጋጃ ለጌጥ ብቻ አልዋለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ በጸሎተ ሐሙስ እግር የማጠብን ሥርዓት በሚፈጽሙበት አዳራሽ ይሰቀል ነበር። ከጊዜ ብዛት እየተጎዳ ሲሄድም በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በእርሱ ፈንታ የሚያገለግል ሌላ ቅጂ ተሸመነ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የመጀመሪያው ሥዕል በሚላኖ ነበር፤ በቫቲካን የተሰቀለው ቅጂው ነው፤ በኋላም የቅጂው ቅጂ ተተካ። ይሁንና በዚያ ጨርቅ ሥር የቅዱስ ጴጥሮስ ተተኪ ወገቡን ታጥቆ፣ ዝቅ ብሎ የሰው እግር ያጥብ ነበር። ጨርቁ የሚያሳየውን እራት ያደረገው ጌታ በዚያችው ሌሊት ያደረገው ይኸው ነበርና (ዮሐ. 13፥1-15)። ሥዕሉና ሥራው የተገናኙት በዚህ ነው። ለሦስቱ ጥያቄዎቻችን ሁሉ መሠረት የሚሆነው መልስ እንግዲህ ይህ ነው፤ ሥዕል የሰቀለ ሰው ከሥዕሉ በታች ሥዕሉ የሚያሳየውን የማድረግ ዕዳ ገብቷል።

ያንን ማዕድ ደግሞ ልብ ብለን እንመልከተው። በዙሪያው ከተቀመጡት አንዱ ማቴዎስ ለሮማውያን አገዛዝ ቀረጥ ይሰበስብ የነበረ ሰው ነው። ሌላው ስምዖን ቀናተኛው የተባለ ነው፤ ይህም ስም የባዕድ አገዛዝን አምርረው ይጠሉ የነበሩትን ወገኖች ያሳስባል። በሌላ ስፍራ ቢገናኙ እንደ ጠላት ይተያዩ የነበሩ ሰዎች በዚህ ማዕድ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጌታችን ተነሥቶ እግራቸውን ባጠበ ጊዜም ይሁዳ ገና ከማዕዱ አልወጣም ነበር። አሳልፎ እንደሚሰጠው እያወቀ የእርሱንም እግር አጠበ።

ግድግዳ ያጣው ጎረቤት

ይህ ነገር በእኛ አካባቢ ከሩቅ ታሪክነት አልፎ በየደጃችን ቆሟል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ፣ ይልቁንም በ2013 ዓ.ም.፣ በመተከል ዞን በደረሰው ግጭት ብዙ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከ100 ሺህ በላይ የሚሆኑት ቀያቸውን ጥለው ተሰደዱ፤ ብዙዎቹም በቻግኒ አጠገብ ራንች በተባለው መጠለያ በሸራ ሥር ኖሩ። ጉሙዙም፣ አገውም፣ አማራውም፣ ሺናሻውም፣ ኦሮሞውም ከሐዘኑ ድርሻው ደርሶታል። የተመለሰው ተመልሷል፤ ቤቱን እንደ ገና የሠራ አለ፤ መሥራት ያቃተውም አለ። ታዲያ በዚህ መካከል ስጋጃ ገዝቶ ግድግዳ ማልበስ ይገባልን?

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በማቴዎስ ወንጌል ላይ በሰጠው ስብከት፣ ክርስቶስን በቤተ ክርስቲያን በሐር ልብስ እያከበሩ በውጭ በድኻው አካል ታርዞ ሲንቀጠቀጥ ቸል የሚሉትን አጥብቆ ገሥጿል። ነቢዩ ሐጌም ቤተ እግዚአብሔር ፈርሶ ሳለ በተሸለመ ቤት የተቀመጡትን ወቅሷል (ሐጌ 1፥4)። ይህን የሚሰማ ሰው ሁሉን ሽጦ መስጠት ብቻ ነው ትክክል ሊል ይችላል። ነገር ግን ሌላም ቃል አለ። በቢታንያ ማርያም ብዙ ዋጋ ያለውን ሽቱ በጌታችን እግር ላይ ባፈሰሰች ጊዜ «ተሽጦ ለድኾች ለምን አልተሰጠም» ያለው ይሁዳ ነበር፤ ጌታችንም እርስዋን ደገፈ (ዮሐ. 12፥1-8)። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም ቢሆን ለቤተ ክርስቲያን ጌጥ መስጠትን አልከለከለም፤ ከዚያ ጋር፣ ከዚያም በፊት፣ ድኻው እንዲታሰብ ነው የጠየቀው። ስለዚህ ውበትና ምጽዋት ጠላቶች አይደሉም።

ይህን ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁት በሸራ ሥር የኖሩት ናቸው። ከስደት የተመለሰ ቤተሰብ በመጀመሪያ ማገር ያቆማል፤ ቀጥሎ ጭቃ ይመርጋል፤ ከዚያም ከተረፈው ጥቂት ገንዘብ አንድ ሥዕል ገዝቶ ይሰቅላል። ይህን የሚያደርገው ለታይታ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። ሊሸሽ የተዘጋጀ ሰው ግድግዳ አያስጌጥም፤ ሥዕል የሚሰቅለው በዚህ ቤት እኖራለሁ፣ ልጆቼም እዚህ ያድጋሉ ብሎ የተማመነ ነው። ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ ስጋጃው ወደ ሰላም የመመለስ ምልክት ነው፤ እንዲህ ያለውን ተስፋ ከንቱ ወጪ ብሎ መንቀፍ የይሁዳን ጥያቄ መድገም ይሆናል።

ቤቱ ላልተነካበት፣ ኑሮውም ለተስተካከለለት ሰው ግን ሌላ ሚዛን አለ። የጎረቤቱ ጣራ ሳይከደን የሁለተኛውን ክፍል ግድግዳ ለማልበስ የሚቸኩል ሰው ራሱን ይመርምር። ለስጋጃ የሚያወጣ ለቆርቆሮም ጥቂት ማዋጣት አያቅተውም። ከገንዘብ ይልቅ የሚከብደው ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም የማዕዱ ጉዳይ ነው። የመጨረሻውን እራት የሰቀለ ቤተሰብ ከሥዕሉ በታች ቡና ሲያፈላ ማንን ይጠራል? ቋንቋው ከቋንቋው የሚለየውን ጎረቤት ይጠራልን? በክፉው ቀን ከሌላው ወገን የነበረውን ያስቀምጣልን? የሞተበት ሰው ይህን ጥያቄ ሲሰማ ቍስሉ ይነካበታል፤ ቀላል ነው ብሎ የሚነግረው ካቴኪስት እውነቱን አልነገረውም። ይቅርታ ፍትሕን አይሽርም፤ ለጠፋው ሕይወትም እውነት ሊነገር ይገባል። ነገር ግን ሥዕሉ ተሰቅሎ ሳለ በሩ ለዘለዓለም የተዘጋ ከሆነ፣ ግድግዳው በባለቤቱ ላይ ይመሰክራል።

በዚህ አጋጣሚ የሸማኔውም ነገር ሊታሰብ ይገባል። ሩቅ ሀገር የተሸመነውን ጨርቅ በክብር ሰቅለን በአጠገባችን ያለውን ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ በሙያው የምንንቅ ከሆነ ፍርዳችን የተዛባ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያ በሥራው ምክንያት እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ንቀቱ ግን ከልብ ውስጥ በአዋጅ ብቻ አልወጣም። እግዚአብሔር የድንኳኑን ሥራ የሚመራውን ባስልኤልን በመንፈሱ እንደ ሞላው (ዘፀ. 31፥1-3)፣ ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን በመስፋት ይተዳደር እንደ ነበር (ሐዋ. 18፥3) የምናውቅ ክርስቲያኖች ባለሙያን የምንንቅበት ምክንያት የለንም። ለግድግዳው ልብስ የሚሻ ሰው በሀገር እጅ የተሠራውን ቢገዛ ከውበቱ ጋር የጎረቤቱን እንጀራ ይገዛል።

ለካቴኪስቶችና ለቤተሰቦች

ከዚህ በላይ ከተባለው የሚከተለው ተግባር ብዙ ገንዘብም ብዙ ዕውቀትም አይጠይቅም። ካቴኪስት ወደ ቤት ሲገባ ሥዕሉን ከማድነቅ አልፎ ልጆቹን ማን ማን እንደ ሆነ ይጠይቃቸው፤ ስጋጃው እንደ መጽሐፍ ሆኖ ያገለግለዋል። ቤተሰቡ በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ አቧራውን አራግፎ፣ ከሥዕሉ ፊት ሻማ አብርቶ፣ የሥዕሉን ታሪክ ከወንጌል ያንብብ፤ ማንበብ የሚችለው ልጅ ቢሆንም ልጁ ያንብብ። ካህን ቤቱን ሊባርክ ሲመጣ ሥዕሉንም እንዲባርክ ይለመን፤ ነገር ግን ቡራኬ ቤቱን ከክፉ ሥራ የሚያጥር አጥር እንዳልሆነ ይነገር። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች ሲቀያየሙ፣ እርቁ ከሥዕሉ ሥር ይሁን። በጸሎተ ሐሙስም አባወራው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በቤቱ ያሉትን እግር ቢያጥብ፣ የማዕዱን ሥዕል በእውነት ሰቀለው ማለት ነው።

የእራቱ ሥዕል ያለበትን ቤት በሚመለከት አንድ ነገር እንጨምር። ሐዋርያት አሳልፎ የሚሰጥ እንዳለ በሰሙ ጊዜ ወደ ሌላው ጣታቸውን አልቀሰሩም፤ እያንዳንዱ እርሱ እንዳይሆን ፈርቶ ስለ ራሱ ጠየቀ (ማቴ. 26፥22)። በአካባቢያችን ስለ ደረሰው መከራ ስንነጋገር ሌላውን ከመክሰሳችን በፊት ይህን ጥያቄ ለራሳችን ብናቀርብ ሥዕሉ ሥራውን ሠርቷል።

በቤታችን የተዘረጋው ጨርቅ ያረጃል፤ ቀለሙ ይለቃል፤ ምስጥና አይጥም ይበሉታል። ከሥሩ የታጠበው እግር፣ የተቆረሰው እንጀራና የተፈታው ቂም ግን በእግዚአብሔር ዘንድ ይኖራል። በማዕዱ ጠላትና ወዳጅን አንድ ያደረገ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ቤቶቻችንን ይባርክ፤ ግድግዳቸውን ላጡት ግድግዳ፣ ሰላማቸውን ላጡትም ሰላም ይስጥልን። አሜን።